መስኮት ላይ ያለችው ትቆጠራለች?

የሰማ ያሰማ፤ ያልሰማ ይጠይቅ! በአንድ ማኅተምና በሁለት እስክሪብቶ ላይ የነገሠው የቅጽ ኃላፊ ተማሪ ሊቆጥር ከቢሮው ወርዶ ትምህርት ቤት ደርሷል። መሬት ስላልተንቀጠቀጠች ይቅርታ እንጠይቃለን።

[አንድ ክፍል በር ላይ። ኃላፊው ቅጽ ይዟል፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኮፍያውን አውልቋል።]

ኃላፊ፦ አትቆጠርም አልኩህ! መስኮት ላይ ነው የተቀመጠችው፤ እግሯ ውጭ ነው።

ዘበኛ፦ ጆሮዋ ግን ውስጥ ነው፣ ጌታዬ። በእግሯ ነው እንዴ የምትማረው?

ኃላፊ፦ አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ?

ዘበኛ፦ ልጄ ናታ!

ኃላፊ፦ እሺ፣ ትቆጠር! ስንት ሆኑ?

ዘበኛ፦ ዘጠና አራት። አስተማሪዋ አንዲት። እርስዎ ልኩን ከጻፉልን ሁለተኛ አስተማሪ ይመጣል ተብለናል።

ኃላፊ፦ ቅጹ ለአንድ ክፍል ከሃምሳ በላይ አይቀበልም። ሃምሳ ብያለሁ፣ ሃምሳ!

ዘበኛ፦ ማዶ ያለው የባለጸጎቹ ትምህርት ቤትስ? በክፍል ሃያ ሁለት ልጅ ነው አሉ።

ኃላፊ፦ ለእነሱም አንድ ክፍል፣ አንድ አስተማሪ። እኩልነት ይሉሃል ይሄ ነው!

ዘበኛ፦ ለዝሆንም አንድ ጭልፋ፣ ለዝንብም አንድ ጭልፋ?

ኃላፊ፦ ጎሽ! ለካ ሲነግሩህ ይገባሃል።

ዘበኛ፦ እኔ መቼም ድንጋይ ራስ ነኝ፤ ይታገሱኝ። አርባ አራቱስ የት ይግቡ?

ኃላፊ፦ ትርፉን የሚያስተናግደው የበላይ አካል ነው። መመሪያ ነው!

ዘበኛ፦ የበላይ አካል ማለት… እርስዎ?

ኃላፊ፦ [ደረቱን ነፍቶ] ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?

ዘበኛ፦ እንግዲያው ይቺኑ በጽሑፍ ያድርጉልኝ። በቃል ከሆነ መንገድ ላይ ትጠፋብኛለች።

[ኃላፊው ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተሙን ያሳርፋል። ዘበኛው ወረቀቱን በበሩ ለአስተማሪዋ ያቀብላል። አርባ አራት ልጆች ደብተራቸውን ታቅፈው በሰልፍ ይወጣሉ።]

ኃላፊ፦ ወዴት ነው እነዚህ?

ዘበኛ፦ እርስዎ ቢሮ ነዋ! ሊስተናገዱ።

ኃላፊ፦ አብደሃል? ቢሮዬ ሦስት ሰው ከገባበት መተንፈሻ የለውም!

ዘበኛ፦ እሱማ በቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም።

ኃላፊ፦ [ሰልፉ የግቢውን በር ሊያልፍ ሲል] መልሳቸው! ዘጠና አራት ብዬ እጽፋለሁ!

ዘበኛ፦ ቅጹ አይቀበልማ።

ኃላፊ፦ በጀርባው እጽፋለሁ፣ አንተ ሰውዬ! በጀርባው!

[ይጽፋል፤ ላቡን ይጠርጋል።]

ዘበኛ፦ ልጆች፣ ተመለሱ! ጌታዬ መቁጠር ችለዋል።

አንባቢ ሆይ! ቅጹ ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ ነው፤ ሁሉም ፊቱን አይቶ ያሳልፈዋል። ምናልባት አንተ ዘንድ ከደረሰ፣ እባክህ ገልበጥ አድርገውና…