አያ እንዳለው ከክኒኑ ጋር ሲደራደር

ዋጋ የሚከራከር ሰው በየገበያው ሞልቷል። እኔ የምላችሁ ግን ዋጋ ከሌለው ነገር ጋር የሚከራከረውን ነው። ጾሙን ከቄስ፣ መንገዱን ከሾፌር፣ ትኩሳቱን ከሐኪም ጋር የሚደራደር ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ካላወቃችሁት ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

ሱዳን ጠረፍ፣ ፋሽጋ ውስጥ፣ አትባራ ወንዝ ዳር፣ በሰው እርሻ ሽንኩርት የምናለማ ሠራተኞች የራሳችን አለን፦ ሊቀ ተከራካሪ እንዳለው። የመተማ ሰው ነው። ሃምሳን ያለፈ ይመስለኛል፤ ሲጠየቅ ግን ዕድሜውንም ይቀንሳል። ከአፉ የማትለየው ቃል «መጨረሻውን ንገረኝ» ናት።

የነፍስ አባቱ ስግደት ቢያዝዙት «አባ፣ ጊዜው ጭቃ ነው፤ መጨረሻውን ይንገሩኝ» ብሎ በግማሽ አስቀንሷል። ኬላ ላይ ወታደር «ውረዱ» ሲለን ሁላችን እንወርዳለን፤ ክቡርነቱ አንድ እግሩን ብቻ አውርዶ ይነጋገራል። ወባ ሲይዘው ከታዘዘለት ክኒን የተወሰነውን ይውጥና የተረፈውን ኪሱ ይከታል። «ለእንግዳ ይሆናል» ይላል። አንድ ጊዜ እንግዳው እኔ ሆንሁ። ክኒኑ ከትምባሆው ጋር ተደባልቆ ስለነበር ወባው ሳይለቀኝ ሳል ጨመረልኝ።

የዚህ ሰው ሥራ መጥለቅ ነበር። የውኃ ሞተራችን ከወንዙ የሚስብበት ቱቦ አፉ በደለል ይደፈናል፤ ሰው ታች ወርዶ በእጁ ካልጠረገው ሽንኩርቱ ውኃ አያገኝም። እንዳለው የትራክተር ጎማ ከምንነፋበት ኮምፕረሰር የተቀጠለ ቀጭን ቱቦ በጥርሱ ነክሶ፣ ወገቡ ላይ ድንጋይና ገመድ አስሮ ይወርዳል። ታች ውኃው ድፍርስ ነው፣ የራስን እጅ አያሳይም። ገመዱን የምይዘው እኔ ነበርሁ። አንዴ ከሳበው ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ሁለቴ ከሳበው አውጣኝ።

አምና እራት ላይ ተቀምጠን ሳለ ድንገት ወደቀና ተንፈራገጠ። በቅርባችን ወዳለችው ቁረይሻ ከተማ ወስደን አንዲት ነርስ ዘንድ አቀረብነው። ርግኣት ትባላለች፣ ከትግራይ ተሰዳ የመጣች ናት፣ የእኛን ቋንቋ ስለምታውቅ ሁላችን ወደ እሷ ነው የምንሮጠው። የሚጥል በሽታ ነው አለች።

«ክኒኑን በየማታው ሳያቋርጡ ይውጣሉ» አለችው። «ያደነዝዛል። ከእንግዲህ ውኃ ውስጥ መጥለቅ የለም።»

«እስከ ወገብስ?»

«እስከ ጉልበትም ቢሆን፣ አባቴ። ታች ሆነው በሽታው ቢነሣብዎት ቱቦው ከአፍዎ ይወድቃል። ማን ሰምቶ ይደርስልዎታል?»

«ግማሽ ክኒን ውጬ ግማሽ ቀን ብጠልቅስ? መጨረሻውን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«ክኒኑና መጥለቁ አብረው አይሆኑም። ከዚህ የሚቀነስ የለውም።»

ትንሽ አሰበና «ተስማማን» ብሎ ወጣ። በሌላው ሳምንት ቱቦውን ነክሶ ሊወርድ ሲል ባየሁት ጊዜ ጠየቅሁት። «አቅልላልኛለች» አለኝ። በክርክር እሱን የረታ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አመንሁት።

ሽንኩርቱ ራስ ሊይዝ ሲል ሞተሩ ታፈነና እንዳለው ወረደ። አንዴ ሳበ። ቆየና ገመዱ እጄ ውስጥ ዝም ብሎ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ አንድም አይደል ሁለትም አይደል። የአየሩ አረፋ ከገመዱ ራቅ ብሎ ብቻውን ይፈላል። ሕሉፍ የሚባለውን የሞተሩን ጠባቂ ጠርቼ አብረን ጎተትነው። አፉ ጭቃ ሞልቶ፣ ጥርሱ ገጥሞ ወጣ።

አልሞተም። ከጦርነት ሸሽቶ በመጣ ሰው ኮሪደሩ በተጨናነቀ በአንድ የገዳሪፍ ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኛ። ርግኣት ልትጠይቀው መጥታ ክኒኑን ይውጥ እንደነበር ጠየቀችው።

«አብረው አይሆኑም አልሽኝ፣ አንዱን ተውሁ» አለ በቀጭን ድምፅ። «እኛ አገር ጠበል የሚገባ ሰው ክኒኑን አስቀምጦ አይደለም የሚገባ? እኔም አስቀመጥሁ።»

«ውኃውን ይተዉ ነበር እኮ ያልኩት።»

«ውኃውን ትቼ ምን ልበላ ነው? ክኒን?»

ርግኣት ክኒኑን ቆጥራ ትራሱ ሥር አኖረችለት።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሳንባው ደክሞ ነበር። የእርሻው ባለቤት ሉጥፊ ቦታ አቀያየረን፤ እኔ ጠላቂ፣ እሱ ገመድ ያዥ ሆንን። ያኔ መከራዬ ጀመረ። ክቡርነቱ ሳይመረምረኝ ውኃ አያስነካኝም። «ምን ዋጥህ?» ይላል፣ ምላሴን አውጣ ይላል፣ ዓይኔን ይገልጣል። ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ ሐኪም ሆኖ አረፈው።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ከሱቅ የገዛሁትን ክኒን ውጬ መጣሁ።

«ምን ዋጥህ?»

«ምንም።»

«ዓይንህ ተከድኗል፣ ታምሬ። ምን ዋጥህ?»

«የጉንፋን ነው። አንዲት ፍሬ ናት።»

ገመዱን ከወገቤ ፈታ፣ ጠቀለለና ተቀመጠበት። «ሂድ ተኛ።»

«አያ፣ ሽንኩርቱ ዛሬ ካልጠጣ ያልቃል። ጠረግ አድርጌ ልውጣ። መጨረሻውን ንገረኝ።»

«አትወርድም።»

ሉጥፊ ጩኸቴን ሰምቶ መጣ። «ያ ዙል፣ አንተ ሰውዬ፣ ገመድ ያዥ ነህ ወይስ ዶክቶር?» አለው። ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር የኖረ ሰው ያን ቀን አንድ ቃል አልመለሰም። ከገመዱ ላይ ግን አልተነሣም።

ከወዲያ ዳር ያለው መደብ ደረቀ። ሉጥፊም ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ሽንኩርቱ ስለጠፋበት «ኻላስ፣ በቃ» ብሎ እንዳለውን አሰናበተው።

አሁን ቁረይሻ አንድ ሻይ ቤት ጥግ ያድራል። የመተማ መንገድ የሚታመን ስላልሆነ አገሩም አልገባ። ዓርብ ዓርብ እጠይቀዋለሁ። ሲመሽ ክኒኑን ያወጣል፣ ሙሉውን፣ ያለ አንዳች ድርድር ይውጣል። ይህ ደግ ነገር ነው፤ እኔን ግን ያሳዝነኛል። የሻዩን ስኳር እንኳ መከራከር ትቷል። ወድጄው ኖሯል፣ ያንን አፉን።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩ እንደገና ታፈነ። ሉጥፊ ያመጣው አዲሱ ገመድ ያዥ ጉልበተኛ ነው፣ ወሬ አያበዛም። ገመዱን አሰረልኝና «ግባ» አለኝ። ቱቦውን ነክሼ፣ ውኃው ደረቴ ላይ ሲደርስ፣ ዞሬ ወደ ዳር አየሁና ጥቂት ቆምሁ። ሰውዬው ምን እንደምጠብቅ አልገባውም። ዛሬ እንኳ ምንም አልዋጥሁም ነበር፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።