ናፍጣ የምትጠጣው ጣውንቴ

ሴት በሴት ብትቀና ወግ ነው፤ ዘመድም ሽማግሌም ይደርስላታል። በወፍጮ ሞተር የቀናች ሴት ግን ለማን አቤት ትላለች? በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ላይ እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ የኔ ባል ቦጋለ ግን ከዘይት በርሜል የተቀዳ ሰው ነበር።

ወፍጮ ቤታችን ከገበያው በላይ ነው። ከጪጩ ሳይቀር በቆሎ ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ደጃችን ይሰለፋሉ። ቦጋለ ሞተሩን «እሷ» ነው የሚላት። ቀኗ ሲደርስ አሮጌውን ዘይት ገና ትኩስ ሳለ ያወጣላትና በሁለት ጣቱ እያሸ ያየዋል፤ ያሸተዋል። የኔን ጸጉር አንድ ቀን አሽትቶ ያውቃል? የዘይት ማጣሪያዋንማ «ኩላሊቷ ነው» እያለ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው ከሱቅ የሚያመጣላት።

የታናሽ እህቴ ሠርግ ቡሌ ላይ ነበር። ለብሼ፣ ተኳኩዬ የሚወስደንን የጭነት መኪና ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እጠብቃለሁ። እሱ «አንዴ ልያት» ብሎ ገባ። ገብቶም ዘይቷ ጠቁሯል፣ ሳልቀይርላት አልሄድም አለ። መኪናው ጥሩንባውን ነፍቶ ነፍቶ ሄደ። የዘይት መለኪያውን ብረት የጠረገው ደግሞ በምን መሰላችሁ? በአዲሱ ነጠላዬ ጫፍ። እህቴ እኔ ሳልኖር ተዳረች። ሳለቅስ አየኝና ጭሱ ነው፣ ወደ ውጭ ውጪ አለኝ።

የታችኛው ሰፈር ወፍጮ ባለቤት የወይዘሮ አስካለ ባል ነበር። እሱ ደግሞ ዘይት ሲጎድል ይሞላል እንጂ ምን ያስቀይረዋል የሚል ሰው ነው። ለሚስቱ ግን የወርቅ ጉትቻ ይገዛል፤ ሠርግም ልቅሶም አብሯት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ባል ብመኝ ይፈረድብኛል?

ታዲያ በገበያ ቀን ሞተራቸው ነከሰ። ዘይቱ እንደ ጭቃ ረግቶ ብረት ከብረት ተጣብቆ ቀረ። በሳምንቱ አስካለም እህሏን ይዛ እኛ ደጅ ተሰለፈች። ጆሮዋ ላይ ጉትቻ የለም፤ ለሞተሩ ማሠሪያ ተሸጧል።

«አንቺስ ታድለሻል፤ ባልሽ መንከባከብ ያውቃል» አለችኝ።

እኔ በሷ ስቀና እሷ በኔ! ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። ማታ ራት ላይ፣

«ለሞተርህ የምታደርገውን ለእኔም ብታደርግ ምን ነበረበት?» አልኩት።

ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና፣ ከተጋባን ጀምሮ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም፣ ትክ ብሎ አየኝ። እውነትሽን ነው፣ እስከ ዛሬ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ አለ። እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰኝ። በእጁ ሽክና ይዟል። ወተት መስሎኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት። ለካ ኮሶ ነው።

«ጠጪው» አለኝ በፍቅር ዓይን እያየኝ፤ «ውስጡ ያልጸዳ ነገር ዕድሜ የለውም።»

ከዚያ ወዲህ የጣውንቴና የኔ ቀን አንድ ሆነ፤ እሷ ዘይት ስትቀይር እኔ ኮሶዬን እጠጣለሁ። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም። ለእሷ እኮ አሮጌው ከወጣ በኋላ አዲስ ይሞላላታል።