«ተንፍስ!» የሚሉት ሃምሳ አለቃ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እንኳን እንዲህ ያለ ነገር ልጽፍ፣ ስሜን ስፈርም እንኳ ፊደል ይጠፋብኛል። መበየጃ እንጂ ብዕር አልለመድኩም። ማኅበርተኞቼ «አንተ ጻፈው» ብለው ስላፋጠጡኝ ነው። ከተሳሳትኩ አርማችሁ አንብቡልኝ።

መቼም ከአዛዥነቱ ጡረታ የማይወጣ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ክቡር ሃምሳ አለቃ ናቸው። ዳቦ ቤት በር ላይ ሰልፍ ያስተካክላሉ። ሹፌር የሌለበትን መኪና «ወደ ኋላ!» ይላሉ። ዝናብ ሲጥል እንኳ «ማን ፈቀደለት?» የሚሉ ይመስለኛል።

ማኅበርተኞቹ ሁላችንም መጠጥ ለመተው የተሰባሰብን የቀድሞ ወታደሮች ነን። ሁላችንንም መጠጥ ማርኮን ነበር፤ እሳቸውንም ጭምር። ቀድመው ያመለጡት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ እየተመለሱ አንድ በአንድ አወጡን። ከሥራ ስንወጣ እኔ ብየዳ ቤት ብረት ላይ ተቀምጠን የሆድ የሆዳችንን እናወራለን። ጠዋት ደግሞ ፍተሻ አለ። ክቡርነታቸው በየበራችን እየዞሩ «ተንፍስ!» ይላሉ። አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸቱና «ንጹህ! ምሽግህን ያዝ!» ብለው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ።

አንድ ቀን የእኔን በር የከፈቱት አማቴ ነበሩ። ሃምሳ አለቃ ልማድ ሆኖባቸው «ይተንፍሱ!» አሏቸው።

«ምን አልከኝ አንተ?»

«ትእዛዝ ነው፣ እማማ!»

አማቴም እልህ ይዟቸው ተነፈሱባቸው።

«ነጭ ሽንኩርት! ይለፉ!»

እሳቸውን ራሳቸውን ማን እንደሚፈትሽ ግን ማናችንም አስበነው አናውቅም።

ባለፈው ሰሞን የምሽግ ጓደኛቸው ሞተ። ከቀብር መልስ ከብየዳ ቤቱ የማታ ስብሰባችን ቀሩ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። «አንተ ለቤታቸው ትቀርባለህ፣ ሂድ» አሉኝ። የሰው በር ማንኳኳት የማፍረው ሰውዬ ሄድኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። የቀብር ኮታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ያልተከፈተ የአረቄ ጠርሙስ ጉብ ብሏል።

«ምን ፈለግህ?»

«እ... ለፍተሻ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«አለቃዬ... ይተንፍሱ» አልኩ እንደምንም።

በጥፊ የሚያጮሉኝ መስሎኝ ነበር። ከመቀመጫቸው ተነሥተው በረጅሙ ተነፈሱብኝ።

«ንጹህ ነዎት» አልኳቸው።

«ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አልሆንም ነበር። በል ውሰድልኝ ይሄን።»

«ኧረ እኔንም አይመኑኝ!»

ሳቁ፤ ለቅሶ የተቀላቀለበት ሳቅ። ተያይዘን ወጣንና መጠጡን ደጁ ያለው ቦይ ውስጥ ደፋነው፤ እሳቸው ጠርሙሱን ይዘው፣ እኔ የእሳቸውን ክንድ ይዤ። በዕድሜዬ ብዙ ሰልፍ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ደረቴን ነፍቼ የሄድኩበት ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ተንኳኳ። ክቡር ሃምሳ አለቃ ጫማቸውን ወልውለው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ልተነፍስ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። «ዛሬ መጀመሪያ እኔ!» አሉና ተነፈሱብኝ።

«ንጹህ! ምሽግዎን ይያዙ!» አልኩ።

ይሄኔ አማቴ ከኋላዬ ትከሻዬን ገፋ አደረጉት። «ዞር በል እስቲ፣ ተራው የእኔ ነው።»