ኮሎራዶና ትንፋሼ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ደህና ሰው ሆኜ ምሳ ልበላ ወጥቼ በሽተኛ ተብዬ ተመለስኩ!

ቁጭ በሉማ ልንገራችሁ።

ብራያንን ታውቁታላችሁ። ፎቶውን ፖስት ሳደርግ «ይሄ ፈረንጅ ዓይኑ ሲያምር» እያላችሁ ኮመንት የምታደርጉለት፣ አዎ እሱ። አብረን ዓመት ሊሞላን ነው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አትላንታ አጠገብ፣ ማሪዬታ ያለው እናቱ ቤት ወሰደኝ።

እናቱ ሚስ ዶና ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ነርስ ነበሩ፣ ጡረታ ወጥተውም ነርስነቱ አልተዋቸውም። (ፊት ለፊት «ዩ» ነው የምላቸው፣ እዚህ ግን አንቱ እላለሁ። አሳዳጊ የበደላት እንዳትሉኝ።)

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ቤተሰቡ በየዊንተሩ ስኪ ይሄዳል። ስኪ ማለት እግር ላይ ጣውላ አስሮ በገዛ ፈቃድ ከተራራ መውደቅ ነው። ዘንድሮ እኔም ተጋብዣለሁ። ሁለት ሪዞርት አጭተዋል፤ አንዱ ኖርዝ ካሮላይና፣ በመኪና የሚደረስ፣ ሌላው ኮሎራዶ፣ በአውሮፕላን። ሚስ ዶና «እንግዳዋ ትምረጥ» ብለዋል።

እኔ ለበረዶው ግድም የለኝ። ኮሎራዶን የፈለግኩት ለእህቴ ነው።

እህቴ ሰሊ ዴንቨር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ወር አልሞላትም። ባሏ ትራክ እየነዳ አሜሪካን ሲያስስ እሷ ብቻዋን ታርሳለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያልኳት በቫይበር ነው። በቫይበር! እሱም መሀል ላይ ተቋረጠ። ኮንየርስ የምሠራበት ዌርሃውስ የሚሰጠኝ ቫኬሽን ደግሞ ያቺኑ አንድ ሳምንት ናት። ሳምንቷ ካሮላይና ላይ ከዋለች፣ ልጁን የማየው ጥርስ አውጥቶ ነው።

ይሄን በግልጽ መናገር አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር! ግን ይሉኝታ ይዞኝ። ሰው ጋብዞኝ «እህቴ ዘንድ አድርሱኝ» ልበል? ዋጥ አደረግኩት። ኮሎራዶ ሲሉ አዎ እላለሁ፣ አለቀ።

አልኩም እኮ! አባባሌ ነው ጉድ የሠራኝ።

ከምሳ በኋላ ሚስ ዶና ላፕቶፕ ከፈቱና የኮሎራዶውን ፎቶ አሳዩኝ። ተራራው ሰማይ ገብቷል። «ይሄኛው ደስ ይልሻል?» አሉኝ።

በደስታ አዎ አልኩ። በእኛው አዎ። ያቺ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ የምናደርግባት፣ «ህእ!» የምትለዋ። እናቶቻችን ስልክ ላይ ሙሉ ወሬ በሷ ብቻ ይጨርሱ የለ?

ሚስ ዶና ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ሃኒ፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ህእ!» አልኳቸው። ደህና ነኝ ማለቴ ነው!

ውሃ መጣ። «አስም አለብሽ?» ጭንቅላቴን ወዘወዝኩ። «ተራራው አስፈራሽ?» «ኖ ኖ፣ አይ ላቭ ኢት!» አልኩ። አላመኑኝም። «ተራራ መውጫው ሊፍት እዚህ ድረስ ነው የሚወጣው፣ ትችዪዋለሽ?» ሲሉኝ ጊዜ ጉጉቴ ባሰና «ህእ! ህእ!» አልኩ፣ ሁለቴ። በጣም እርግጠኛ ስሆን ሁለቴ ነው የምለው!

መሳቢያ ከፍተው ጣት ላይ የምትሰካዋን የኦክስጅን መለኪያ አወጡ። እንግድነት ሄጄ ሌባ ጣቴ ላይ ሰኩብኝ። ብራያን ደግሞ ጀርባዬን እያሸ «ብሪዝ፣ ቤቢ» ይለኛል።

ኦክስጅኔ ሙሉ ነው። ሚስ ዶና ግን ቆርጠዋል። «ኮሎራዶ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ይቺን ልጅ እዚያ ወስጄ አልገድላትም።»

ከፍታ! እኔን! ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ውርጭ እየረገጥኩ ትምህርት ቤት የሮጥኩትን ልጅ! እኔ እንኳን አየር የሚያጥረኝ አትላንታ ነው፣ በኦገስት።

ይሄን ልናገር አፌን ሳሟሽ ካሮላይናን ቡክ አደረጉት። ጭራሽ ከሕፃናት ጋር የጀማሪ ክላስ አስመዘገቡኝ፣ ሜዳው ላይ።

«ታንክ ዩ» አልኩ። ምን ልበል? ታንክ ዩ!

ስንመለስ ሀይዌይ 285 ላይ ትራፊክ ውስጥ ቆመን እንባዬ መጣ። ብራያን «አሁንም ፈርተሽ ነው?» ሲለኝ ፈነዳሁ። ሰሊን፣ ልጁን፣ የተቋረጠውን ቫይበር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ታዲያ ስትጠየቂ ለምን አዎ አላልሽም?»

«ስንቴ አልኩ እኮ!»

ትንፋሿን አስረዳሁት። አፉን ከፍቶ ቀረ። «ዓመት ሙሉ ድንጉጥ ነው የመሰልሽኝ» አለና እናቱ ጋ በስፒከር ደወለ። ሚስ ዶና ስለ አራሷ ሲሰሙ ጮሁብኝ። «ሕፃን? ዴንቨር? ለምን አልነገርሽኝም! አሁኑኑ ካንስል አደርገዋለሁ። ኮሎራዶ ይሁን?»

እኔስ ከደስታዬ ብዛት ምን አልኩ?

«ህእ!»

«ብራያን! ደግሞ ጀመራት!»

«የስ! የስ! የስ!» ብዬ ስጮህ ጎናችን የቆመው መኪና ውስጥ ያለው ሰውዬ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

እና ኮሎራዶ ሆነ! ሰሊዬ፣ ገንፎውን ብቻሽን እንዳትጨርሺው፣ መጣሁልሽ።

እዚህ ላይ ባልቅ ጥሩ ነበር።

ብራያን ግን ስልኩን ዘጋና፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ ቀስ ብሎ፣ «በሰመር፣ ሐይቁ ዳር፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ስጠይቅሽ... እንደዚሁ ነበር ያልሽኝ» አለ።

አልኩታ! ልቤ ልትወጣ ደርሳ፣ ትንፋሼን እስከ ጉበቴ ስቤ አዎ አልኩት! እሱ ግን «ኔቨር ማይንድ፣ በርገር እንብላ?» አለና ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ሐሳቡን ለወጠ ብዬ ይሄን ሁሉ ወር ስብሰለሰል ከርሜያለሁ። ለእናንተ እየሳቅኩ ሰልፊ ፖስት አደርጋለሁ፣ ውስጤ ግን ያለቅስ ነበር።

«የፈራሽ መስሎኝ» አለ። «ቀለበቱን ሱቁ መለስኩት።»

ያን ጊዜ ትንፋሼ በኃይል ወደ ውስጥ ገባ። ህእ! ይሄኛው ግን የእውነት ድንጋጤ ነው! ቀለበቴን!

የብራያን ፊት ጧ ብሎ በራ። «ዋዝ ዛት ኤ የስ?»

እስቲ ፈረንጅ ያገባችሁ፣ በእናታችሁ ንገሩኝ፤ እናንተ «አዎ» ስትሉ ወዴት ነው የተነፈሳችሁት?