የደሜ ጅራት

ሰው ሰውን ሲመክር ቁመቱ ይጨምራል መሰለኝ። እኔ በተፈጥሮዬ አጭር ነኝ፤ ምክር ስጀምር ግን ራሴ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አይቀረውም። እናንተም እንዲህ የሚረዝም ሰው ሳታውቁ አትቀሩም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ስሠራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አምና ደብረ ኤልያስ ሄደን ፀረ አረም ከሚረጩ ገበሬዎች ደም ወሰድን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የደም ሕዋሷን በኤሌክትሪክ ስበን፣ ቀለም ቀብተን፣ በአጉሊ መነጽር እናያታለን። ዲኤንኤዋ ጤነኛ ከሆነ ድቡልቡል ናት። ኬሚካል በጣጥሶት ከሆነ ቁርጥራጩ እንደ ጅራታም ኮከብ ከኋላዋ ይጎተታል። ጅራቱ በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል።

መጀመሪያ ደም የሰጡን አያ ደምሴ የሚባሉ፣ ሃያ ዓመት መርጫ ያዘሉ ሽበታም ገበሬ ናቸው። ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል መርጨት እንደሚጎዳ ግማሽ ሰዓት ሰበክኋቸው። ዓይናቸው ሲነድ የሚያመሸው እሳቸው፣ የምነግራቸው እኔ፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው።

"የኔን ደም ከማን ጋር ነው የምታስተያዩት?" አሉኝ።

"ኬሚካል ከማይነካ ሰው ጋር። ለምሳሌ ከኔ" አልሁና ክንዴን ገልጬ እዚያው ደም ሰጠሁ።

ጅራቱን የምትለካው የሥራ ባልደረባዬ ሰናይት ናት። እንዳታዳላ የሰው ስም አታይም፤ የምታየው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ይኼ ምስኪን ገበሬ መድኃኒቱን ይጠጣዋል እንዴ? እስኪ ማን እንደሆነ እይልኝ።"

መዝገቡን ገለጥሁ። ቁጥር ዘጠኝ እኔ ነኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ናሙናው ተበላሽቷል፤ እናውጣው" ልላት ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ነበር። ግን መዝገቡን የያዙት የገዛ ጣቶቼ ታዩኝ፤ ቆዳቸው ተልጧል። ጓንት እጄን ያደነዝዘዋል እያልሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ የቤተ ሙከራ ኬሚካል ጠርሙስ በባዶ እጄ ስከፍት፣ ሽታውን ስምግ ኖሬአለሁ።

"እኔ ነኝ" አልኋት።

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ደግማ ሠራችው፤ ጅራቱ አላጠረም። ጅራት ማለት በሽታ ማለት አይደለም፤ ይኼን ለገበሬዎቹ ስናገር እንዴት ይቀለኝ እንደነበር። ለራሴ ስነግረው ግን ሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ።

ዘንድሮ ውጤቱን ልንነግር ደብረ ኤልያስ ተመለስን። አያ ደምሴን ስንዴያቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

"የርስዎ ተጎድቷል" አልኋቸው።

"ያንተስ?"

"የኔማ ከርስዎም ይብሳል።"

"ታዲያ ልጄ፣ ሥራውን ለምን አትተወውም?"

"ልጆች አሉኝ፣ አያ ደምሴ። በምን ላሳድጋቸው?"

አያ ደምሴ ወደ ስንዴው ዞር አሉ።

"እኔም አምና ይኼንኑ ልልህ ነበር" አሉ፤ "ወሬህ አላስገባ አለኝ እንጂ።"