አናቱ ላይ የተቀባው ቅቤ

ቅቤ እወዳለሁ። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የቅቤ ጠላት ነው እንዳትሉኝ ነው። ሽሮ ላይ ሲያርፍ ተቃውሜ አላውቅም። እኔን ያናደደኝ ቅቤው የሄደበት ቦታ ነው።

ሞጣ ውስጥ ብረት እየቆረጥኩ ነው የምኖረው። ቢቸና ያለው ወዳጄ ደመላሽ ደግሞ የብረት በር ይሠራል። ታዲያ በቅርቡ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጋዝ መቁረጫ ማሽን ገዛና ና ትከልልኝ አለኝ። ሥዕሉን ከሰጡት ራሱ እየተራመደ ወፍራም ላሜራ በእሳት የሚቆርጥ ማሽን ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ሄድኩለት።

ማሽኑ የሚሄድበትን ሐዲድ አስተካከልኩ። ጋዝ የሚያፈስ ቱቦ እንዳይኖር በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ። የጋዝ ሲሊንደሮቹን ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት አሰርኩ። ከዚያ ማሽኑን የምታሠራውን የደመላሽን እህት ሰብለን ጠርቼ አስጠነቀቅኳት። ታምቆ የተቀመጠ ኦክስጅን ቅባት ካገኘ ክብሪት አይጠብቅም፣ ራሱ ይነዳል። ስለዚህ ቅባት የነካው ሰው እዚህ ድርሽ እንዳይል አልኳት። ደመላሽም አጠገባችን ቆሞ በእሺታ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሰው ምንም ሳይሰማ ራሱን መነቅነቅ እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ።

ምሳ በልቼ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እልል ይላል። የደመላሽ እናት እማማ አስረሴ ለካ አዲስ ማሽን በደረቁ አይጀመርም ብለው ለጋ ቅቤ ይዘው መጥተዋል። እንደ ሙሽራ አናቱ ላይ ሊቀቡት አስበው፣ አናቱ የቱ ነው ብለው ይጠይቃሉ። ማን ቢያሳያቸው ጥሩ ነው? ደመላሽ። የቱን? የኦክስጅኑን ሲሊንደር አናት፣ መክፈቻውንና የግፊት መለኪያው የታሰረበትን። እንግዲህ ያን ሁሉ የነገርኩት ለግድግዳው ኖሯል።

ስገባ መለኪያው በቅቤ ያብረቀርቃል። ሰብለ በእልልታው መሐል ማስጠንቀቂያዬን ዘንግታ ሲሊንደሩን ልትከፍት እጇን ዘርግታለች፣ ፊቷም እዚያው አጠገቡ ነው።

«ሰብለ፣ እጅሽን አንሺ» አልኳት።

እጇን አነሳች። እልልታው ቆመ። ደመላሽ ወደ ጥግ ወስዶኝ እናቴን በሰው ፊት አታዋርድብኝ፣ ጠረግ አድርገን እንቀጥል አለኝ። ጠረግ! የገዛ እህቱ ዓይን ሊጠፋ ነበር እኮ፣ እሱ የሚያፍረው እንግዶቹን ነው። ደሜ ፈላ። መለኪያው ተፈትቶ በባለሙያ ሳይጸዳ ይህ ማሽን አይነሳም አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ።

ወደ እማማ አስረሴ ዞሬ ግን ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «እማማ፣ ቢከፈት ኖሮ የሰብለ ፊት ይቃጠል ነበር» አልኳቸው።

 እሳቸውም ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይህን እያወቅህ ነው አናቱን ያሳየኸኝ አሉት። እኔ አንጀቴ ራሰ።

«ለልጄ ዓይን የተቆጣህ አንተ ነህ» አሉኝ ከዚያ። «ምርቃቱም ላንተ ነው የሚገባው።»

የቀረውን ቅቤ እንዳለ አናቴ ላይ ለጠፉት። የእናት ምርቃት እንዴት እምቢ ይባላል? ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ፣ አሜን አልኩ። ከዚያ መለኪያውን ልፈታ ወደ ሲሊንደሩ ስራመድ ሰብለ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ቅባት የነካው ሰው እዚህ ድርሽ አይልም» አለችኝ።