ገለልተኛ አፍንጫ

መርካቶ ውስጥ አስተያየት የሌለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ሲኒማ ራስ ጋ ታክሲ ስትጠብቁ ስለ ጫማችሁ አስተያየት የሚሰጣችሁ አለ። ሸሚዝ ስትለኩ ከኋላችሁ አንድ የማታውቁት ሰው «ጥቁሩ ይሻልሃል» ይላችኋል። ነጋዴው አስተያየት አለው፣ ተሸካሚው አስተያየት አለው፣ ሊገዛም ሊሸጥም ሳይሆን ለመጋፋት ብቻ የመጣውም አስተያየት አለው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ድንኳን ተክሎ፣ ጥቂት ሰዎችን አስቀምጦ፣ «እናንተ እስከ ማታ ምንም አስተያየት የላችሁም» ማለት ምርጫ ማስፈጸም ይባላል።

እኔም ካስፈጻሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። አትሳቁ። ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው፣ ሥራዬም በርበሬ በረንዳ ድለላ ነው። ግን ማንበብና መጻፍ እችላለሁ፣ የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም፣ ሰፈሩም ያውቀኛል። በምን እንደሚያውቀኝ የጠየቀ የለም።

ስልጠና ላይ አሰልጣኟ «መራጭ ማንን ልምረጥ ብሎ ቢጠይቃችሁ አትመልሱም፤ በቃል ቀርቶ በጥቅሻም፣ በፈገግታም፣ በፊታችሁም ቢሆን» አለችን። በቃ አለቀልኝ አልኩ። የደላላ እንጀራው ፊቱ ነዋ! አፋችን ለሻጩ ሲያወራ ቅንድባችን ለገዢው ይናገራል። እኔን ፊትህን ዝም አሰኝ ማለት ዘፋኝን ድምፅህን ሳታሰማ ዝፈን እንደማለት ነው።

የምርጫው ቀን የጣቢያችን ኃላፊ ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፣ መጀመሪያ ወረፋ አስከባሪ አደረጉኝ። ፀሐዩ ሲበረታ አንድ ሰውዬ ሰልችቶት ሊሄድ ዞር ሲል እጄ ሳላዘው ሄዶ እጅጌውን ያዘ። «ወዴት ነው ወንድሜ? ና ግባ፣ ሁሉም ዓይነት አለ!»

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ! መራጭ ነው እንጂ ደንበኛ አይደለም።»

ከወረፋው አንስተው የፓርቲዎቹ ምልክቶች ያሉበት የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀት የተለጠፈበት ሰሌዳ አጠገብ አቆሙኝ። ሥራዬ የኤክስ ምልክቱ የት እንደሚደረግ ለጠየቀ ማሳየት ብቻ ነው። እዚያ ምንም አያበላሽም ብለው ነው። ፊት ለፊቴ የፓርቲ ወኪሎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሱም።

እትዬ ዘይነባ መጡ።

እትዬ ዘይነባ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ከጭነት የሚወርደውን በርበሬ የሚገዙት በእኔ በኩል ነው። እሳቸው ከቀሩብኝ ሥራ የለኝም ማለት ይቻላል። በእኛ ሰፈር ደንብ ደግሞ ደላላ ማዳበሪያውን ይከፍታል፣ እፍኝ አንስቶ ያሸታል። ካስነጠሰ ዕቃው የምር ነው። ካላስነጠሰ ገዢው ወደሚቀጥለው ማዳበሪያ ያልፋል። ማስነጠስ እምቢ ያለው ደላላ ምን እንደሚያደርግ የሙያ ምስጢር ነው፤ እለፉት።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ የቱ ይሻላል?» አሉኝ ሰሌዳውን እያዩ።

«እትዬ፣ እኔ ዛሬ አላውቅም።»

«አንተ? አላውቅም?» ወደ ወረፋው ዞረው «ስሙልኝማ፣ አላውቅም አለ!» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። «እሺ አትናገር። ዝም ብለህ ቁም፣ እኔ ራሴ አይሃለሁ።»

በበርበሬ የቀላ ጣታቸውን የመሰላሉ ምልክት ላይ አደረጉ። ጣራ ጣራውን አየሁ። ማበጠሪያው ላይ አደረጉ። ጥርሴን ነከስኩ። (ምልክቶቹን ቀይሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን ገለልተኛ ነኝ።) ጣታቸው ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ሻርፓቸው ተንሸራተተና ሊያስተካክሉት አራገፉት። ከጠዋት ጀምሮ በርበሬ ሲያስፈጩበት የዋሉት ሻርፕ ነው። ምን ልበላችሁ፣ አፍንጫዬን ያዝኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ የማውቀውን ሁሉ ቅዱስ ጠራሁ።

አስነጠስኩ።

የጃንጥላው ወኪል ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይማርህ!» አለ። እንደዚያ ከልብ የወጣ ይማርህ እናቴም ብላኝ አታውቅም።

«ተቃውሞ አለኝ!» አለ የማበጠሪያው ወኪል። «ይሄ ማስነጠስ አይደለም፣ ቅስቀሳ ነው!»

«የበርበሬ ብናኝ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ጋሼ፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት። ደላላ ሲያስነጥስ ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋኛል? አቤቱታ አስመዘግባለሁ!»

የመሰላሉ ወኪል ረጋ ያለ ሰው ነው። «እኔ ጠብ አልፈልግም» አለ። «ለእኔም አንድ ጊዜ ያስነጥስልኝና ይለቅ።»

ጋሽ ታደሰ መመሪያውን ገለጡ። ስለ ጥቅሻ ይላል። ስለ ማስነጠስ ምንም አይልም። ላባቸውን ጠረጉና በጆሮዬ «አቤቱታው ከጸና አንተ ብቻ አይደለህም የምትባረረው፣ የጣቢያው ውጤት ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል» አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል። በእኔ አፍንጫ!

እትዬ ዘይነባ እስከዚያ ገብተው፣ መርጠው፣ ወረቀታቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው ወጡ። ጋሽ ታደሰ በትህትና ጠጋ አሏቸው። «እማማ፣ ማንን እንደመረጡ አይንገሩን። ግን የዚህ ልጅ ማስነጠስ ተጽዕኖ አድርጎብዎታል?»

ወረፋው፣ ግማሹ በርበሬ ነጋዴ ነው፣ አንገቱን አሰገገ።

«የዚህ?» አሉ እትዬ ዘይነባ በአገጫቸው እያመለከቱኝ። «ወላሂ፣ የዚህ ልጅ ማስነጠስ ቁም ነገር ቢኖረው መጋዘኔ በማይሸጥ በርበሬ ይሞላ ነበር? ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመቴ እሱ ካስነጠሰበት ስሸሽ! ዝም ያለበትን እያየሁ ነው የምገዛው።»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። የማበጠሪያው ወኪል ራሱ ዕንባውን እየጠረገ አቤቱታውን ተወው። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንኳን ደስ አለህ፣ ገለልተኛነትህ ተረጋገጠ» አሉኝ።

ተረጋገጠ። በደንበኞቼ ሁሉ ፊት።

በማግስቱ በርበሬ በረንዳ ገባሁ። አዲስ ጭነት ወርዷል። አንዱን ማዳበሪያ ከፍቼ ጎንበስ አልኩና፣ ሙት በሉኝ፣ የእውነት፣ ከሆዴ፣ ዕንባዬ እስኪመጣ አስነጠስኩ።

ገዢው «ይማርህ» ብሎኝ ወደሚቀጥለው አለፈ።